የፊያቷ ዳሽቦርድና የድሬ ፀሐይ

ይህ ጽሑፍ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ ጋራዥ ግቢ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለወጣት መካኒኮች፣ ለታፒሴሪ (የመኪና ወንበር ልብስ) ሠራተኞችና እንዲሁ መኪና ለሚወዱ ሰዎች፣ የተሰነጠቀ ዳሽቦርድ እንዴት እንደሚለብስ ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል እንዳወራሁት ነው ያሰፈርኩት። የተጠየቅሁትንም በቦታው አስገብቼዋለሁ።

እንደምን አደራችሁ! ወንበር ያልደረሳችሁ እዚያ ጎማው ላይ ተቀመጡ። ንጹሕ ነው፣ ትናንት አሳጥቤዋለሁ። በማለዳ የጠራኋችሁ ወድጄ አይደለም። አሁን አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። አራት ሰዓት ሲሆን ይሄ ቆርቆሮ ጣሪያ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ዛሬ የማወራው ሥራም በማለዳ ነው የሚሠራው። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ከኋላዬ የቆመችውን ስትዞሯት አይቻለሁ። ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ናት። ሁለት በር፣ የሸራ ጣሪያ፣ ዝቅ ያለ ወገብ። መጀመሪያ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ ነው። ሞተሯን የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ፣ ቀደም ሲል ለፌራሪ ሞተር ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ቅርጿ የፒኒንፋሪና ነው። እስከ 1985 ድረስ ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ተሠርተዋል።

ሐረር የምትመላለሱ ሰዎች ደግሞ ይቺን ስሙ። ፈረስ መጋላ አካባቢ የምናውቃቸው ፔጆ 404 ታክሲዎች አሉ አይደል? የእነሱም ቅርጽ የፒኒንፋሪና ነው። እንግዲህ ይቺ ቅምጥልና የሐረር ታክሲ የአንድ አባት ልጆች ናቸው ማለት ነው። አንደኛዋ ሽርሽር ሄደች፣ ሌላኛዋ ሰውና ጫት ስትጭን ኖረች።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለቤቷ ከአባቱ ነው የወረሳት። አባቱ ካረፉ በኋላ ግቢ ውስጥ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ዓመታት ቆመች። የኒም ጥላ ጥሩ ነው። ግን ጥላ ይዞራል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በፊት መስታወቱ ገብታ ዳሽቦርዱ ላይ ትተኛ ነበር። የሸራው ጣሪያም ተቀዶ ነበር። እኔ ጋ ስትመጣ የዳሽቦርዱ የላይኛው ክፍል፣ ጎርፍ አልፎ ጭቃው የደረቀበት ሜዳ ይመስል ነበር። ተሰነጣጥቆ ጠርዙ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ጌጆቹ፣ ፍጥነትና ነዳጅ የሚያሳዩት፣ የተተከሉበት የእንጨት ገጽ ደግሞ ቫርኒሹ ተላጦ፣ ልባጡ፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ስስ እንጨት፣ ሁለት ቦታ ላይ ተነስቷል።

ሰውየው፣ "ላዩን ብቻ አልብስልኝ፣ ቅዳሜ እወስዳታለሁ" አለኝ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ያልኩበትን ምላስ በቆረጠው!

ያኔ የሠራሁትን ልንገራችሁ፣ እንዳትደግሙት። ዳሽቦርዱን ሳላወርደው፣ እዚያው መኪናው ላይ እንዳለ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ሞላሁት። ያው የተጎዳ በርና ፓራፋንጎ የሚሞላበት ስቱኮ። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። ጥቁር ሌዘር ገዛሁ። ሌዘር ስል ሰው ሠራሹን ነው፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው። የጫማ ሰፊ ማስቲሽ ቀብቼ ለጠፍኩት። ጠርዙን ወደ ውስጥ ወተፍኩት። ቅዳሜ ሰውየው መጣ። "አቦ! አዲስ ሆናለች!" አለ። ከፈለ። ፎቶም ተነሳን።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። ወሩ ግንቦት ነው። ከጌጆቹ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሌዘሩ ተነስቶ ከበሮ ሆኗል። በጣት ሲመቱት ይደልቃል። በመስታወቱ በኩል ጠርዙ ሸሽቶ ቢጫ ስፖንጅ ይታያል። ስቱኮው ደግሞ ከሥር ተሰንጥቆ፣ መስመሩ በሌዘሩ ላይ እንደ ደም ሥር ወጥቷል። ሰውየው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብሎ በጣቱ እየደለቀ አየኝ።

ገንዘቡን መለስኩለት። "መኪናዋን ግን ተውልኝ፣ ቀን አትቁጠርብኝ" አልኩት። ተወልኝ። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት። ከሃያ ዓመት በላይ ወንበር አልብሻለሁ። የሚኒባስ፣ የባጃጅ፣ የአይሱዙ። ወንበር አይነሳብኝም። ዳሽቦርዱ ለምን ተነሳ?

መልሱ ፀሐይዋ ናት። ወንበር ላይ ሰው ይቀመጣል፣ ጥላም ያገኛል። ዳሽቦርድ ግን መስታወት ሥር የተኛ ነገር ነው። መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርዱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። የምንጠጣው ሻይ እንኳ ከዚያ በታች ነው። ተራ ማስቲሽ በዚያ ሙቀት ይለሰልሳል። ሌዘሩ ደግሞ ሲለጠፍ ተወጥሯል። ማስቲሹ ለቀቅ ሲያደርገው ወደ ልኩ ይመለሳል። ጎድጓዳው ላይ የሚነሳው ለዚህ ነው። ያንን ቦታ ወጥረን በግድ ነው ያስገባነው።

አሁን ደግሞ የድሮው ለምን እንደተሰነጠቀ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱ ያው ስለሆነ። ዳሽቦርድ የሚለብሰው ቪኒል ከፒቪሲ ነው የሚሠራው። ያ ግራጫው የውኃ ቧንቧ፣ እሱ ራሱ። ፒቪሲ ብቻውን ደረቅ ነው። እንደ ቆዳ የሚተጣጠፈው ዘይት መሰል ማለስለሻ ስለሚጨመርበት ነው። ሙቀት ሲበዛ ማለስለሻው በጥቂት በጥቂቱ ይተናል። ወዴት ይሄዳል? የፊት መስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቅባት መሰል ጭጋግ አይታችሁ አታውቁም? በጨርቅ ስትጠርጉት የባሰ የሚዝረከረከው? ከዚያ ውስጥ አንዱ የዳሽቦርዳችሁ ማለስለሻ ነው። ዳሽቦርዱ ከዓመት ዓመት እየተነነ መስታወት ላይ ይቀመጣል። ማለስለሻው ሲያልቅ ቪኒሉ ይደርቃል፣ ያጥራል። ዙሪያውን ተይዞ ያጠረ ነገር ደግሞ መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል። የፀሐይዋ ጨረርም ላዩን ይበላዋል። ከሥር ያለው ስፖንጅ፣ ፖሊዩሪቴን የሚባለው፣ እሱም ያረጃል። ይቺ መኪና ላይ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ፈረፈረ። እኔ ያንን ፍርፋሪ ነው በሌዘር የሸፈንኩት።

ላቫጆ የምትሠሩ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ያ መኪና አጥባችሁ ስትጨርሱ ዳሽቦርዱ ላይ የምትቀቡት የሚያብለጨልጭ ፈሳሽ አለ። ብዙው ሲሊኮን አለበት። ሲሊኮን ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። በኋላ ማስቲሽ ስትቀቡበት አይዝም። ቀለም ስትረጩበት ቀለሙ ይሸሻል፣ ትናንሽ ክብ ቀዳዳ እየሠራ ይቀራል። ስለዚህ ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት እጥበት ነው። ለብ ባለ ውኃ በሳሙና ሁለት ሦስት ጊዜ። ሲደርቅ በአልኮል። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ በአንዱ ጨርቅ ደጋግማችሁ ካሻችሁት ሲሊኮኑን እዚያው ነው የምታዞሩት። መጥራቱን ለማወቅ አንድ ጠብታ ውኃ ጣሉበት። ጠብታዋ ክብ ሆና ከቆመች ገና ነው። ከተንጣለለች ጨርሳችኋል።

በነገራችን ላይ፣ የታክሲ ሾፌሮቻችን ዳሽቦርድ ላይ የሚያነጥፏት ባለ ዘርፍ ምንጣፍ አለች። እኔ ስስቅባት ነው የኖርኩት። አሁን አልስቅም። ለዳሽቦርድ እሷን የሚያህል መድኃኒት የለም። ፀሐይዋን እሷ ትበላለታለች።

ሁለተኛውን ሙከራ የጀመርኩት ዳሽቦርዱን በማውረድ ነው። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ይሄን የረሳ ሰው ከጌጅ ጀርባ ካቻቪቴ ሲሰድ ጭስ ያያል። ከዚያ ፎቶ። የእያንዳንዱን ሽቦ መነሻና መድረሻ በስልካችሁ አንሱ። የወረቀት ፕላስተር እየጠቀለላችሁ ጻፉበት። የፍጥነት ጌጁ ኬብል በእጅ ይፈታል፣ በፒንሳ አትታገሉት። ብሎኖቹን በየወጡበት ቦታ ለይታችሁ በድልህ ቆርቆሮ አስቀምጡ። እኔ አምስት ቆርቆሮ ሞላሁ። ስመልስ አንዲት ብሎን ተረፈችኝ። እስከ ዛሬ ኪሴ ውስጥ ናት። ከየት እንደሆነች የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

የተቆለመመውን ጠርዝ በሙሉ በምላጭ ቆርጬ አወጣሁ። የሞተውን ስፖንጅ ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ ፋቅሁ። የብረቱ አጽም ሁለት ቦታ ዝጎ ነበር። ፋቅኩትና አንቲረስት፣ ዝገት የሚከላከለውን፣ ቀባሁት። ለሙሌቱ ከስቱኮ ራቁ። ስቱኮ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ዳሽቦርድ ቀን ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል። ድንጋይና ስፖንጅ አብረው አይለጠጡም። ጥልቁን ቦታ በሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚነፋ ፖሊዩሪቴን ፎም ሞላሁት። የላዩን ስስ ስንጥቅ ደግሞ ከደረቀ በኋላም በሚተጣጠፍ ሙሌት። ከዚያ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ120፣ በመጨረሻ በ220። ዓይናችሁን አትመኑት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመዳፋችሁ ዳብሱት። መዳፍ የያዘውን ጉብታ ሌዘሩ አይደብቀውም፣ እንዲያውም ያጎላዋል።

እዚህ ጋ ስደርስ ስለ ስፖንጅ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። የፍራሽ ስፖንጅ ርካሽ ስለሆነ እሱን ላድርግበት ይላል። አታድርጉ። ከዳሽቦርድ ጀርባ የሽቦ ጫካ ነው ያለው። በአሜሪካ ሕግ የመኪና ውስጥ ዕቃ ሲቃጠል እሳቱ በደቂቃ ከ102 ሚሊሜትር በላይ መሄድ የለበትም። ቁራጭ ስፖንጅ ይዛችሁ ሜዳ ላይ ውጡ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ ክብሪት ጫሩበት። በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ጭሱን ግን አትማጉት።

አሁን ሥራው ተስተካክሎ ራቁቱን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። እኔም ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። አንድ ወጥ ሌዘር ሁለት ጉብታና አንድ ሸለቆ ላይ እንዴት ይተኛል? በራሴ ሙያ መልስ አጣሁ። ስለዚህ መኪና ነክተው የማያውቁ ሰዎች ጋ ሄድኩ።

የመጀመሪያው እዚሁ ድሬ፣ መጋላ ያሉ ጫማ ሰፊ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ማስቲሹን የገዛሁት በእሳቸው ምክር ስለነበር ልወቅሳቸውም አስቤ ነው የሄድኩት። የሆነውን ነገርኳቸው። ሳቁ። "ልጄ፣ ይሄ ለእግር ነው፣ ለምድጃ አይደለም" አሉኝ። ከዚያ ፎርማ አነሱ፤ ጫማ የሚወጠርበትን እንጨት። ቆዳውን መጀመሪያ ጣት በኩል ያዙት፣ ቀጥሎ ተረከዝ፣ ከዚያ ጎንና ጎን። ከጫፍ ጀምረው ወደ መሐል ቢሄዱ ሽብሽቡ ሁሉ መሐል ላይ ይጠራቀማል። ወደ ውስጥ የሚገባው ቦታ ላይ ደግሞ በማይታየው ጠርዝ በኩል ትንንሽ ቅድ ያበጁለታል፣ ቆዳው እንዲለቅላቸው። እኔ ግን ከጫፍ ነበር የጀመርኩት።

ሌላም ነገር አስተማሩኝ። ማስቲሽ ሁለቱም ገጽ ላይ ይቀባል፤ ይሄን እናውቃለን። ጣት ሲነካው የማይዝ እስኪሆን ይጠበቃል፤ ይሄንንም እናውቃለን። የማናውቀው የድሬን ቀትር ነው። በስድስት ሰዓት ሙቀት የማስቲሹ ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ሥሩ ግን እርጥብ ነው። ጣታችሁ ደርቋል ይላችኋል። ትለጥፉታላችሁ። ውስጥ የታፈነው ቲነር በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው ይነፋል፣ ሌዘሩን ያነሳዋል። ጋሼ ትልልቁን ሥራ ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ጠዋት ነው የሚጨርሱት። ከሁለት በኋላ ሊስትሮና ጥገና። እኔ ልማዳቸው ይመስለኝ ነበር።

ማስቲሹን ለመለወጥ ብዙ ዞርኩ። ጣሳው ላይ ስንት ዲግሪ እንደሚችል የተጻፈበትን ፈልጉ። ከ80 በታች ከሆነ ለወንበር እንጂ ለዳሽቦርድ አትግዙት።

ሁለተኛውን ሰው ፍለጋ ሐረር ወጣሁ። መኪና ግርግርን የማያውቅ አለ? የጁገል፣ የሐረር ግንብ ውስጥ ያለው አሮጌ ከተማ፣ የሰፊዎች መንገድ ናት። ስሟም ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ ነው። ዳሽቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ጭኜ መታቀፍ ነው። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ጎኔ የተቀመጡ እናት፣ "በሽተኛ ነው እንዴ ልጄ?" አሉኝ። "አዎ እማማ፣ ቆዳው ታሟል" አልኳቸው። ጸለዩልኝ።

አንድ ሽማግሌ ሰፊ ጋ ደረስኩ። "አባባ፣ መኪና ይዤልዎት መጥቻለሁ" አልኳቸው። "የምን መኪና? መኪናማ እዚህ ሞልቷል" አሉኝ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚንጫጩትን ሲንጀሮች እያሳዩኝ። ብርድ ልብሱን ስገልጠው ግን መነጽራቸውን አደረጉ። ዞሩት። ዳበሱት። "ይሄ ትከሻ ነው" አሉ።

እውነትም ትከሻ ነው። ኮት በአንድ ወጥ ጨርቅ አይሰፋም። ትከሻው ላይ ስፌት አለው፣ ክንዱ እንዲዞር። ስስ ላስቲክ አለበሱት። በላዩ የወረቀት ፕላስተር ደራርበው ለጠፉ። በማርከር የመሐሉን መስመር፣ ከዚያ የጉብታዎቹን ወገብ ሰመሩ። በየመስመሩ ላይ ትንንሽ አግዳሚ ምልክት አደረጉ። በምላጭ ቀድደው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ጠፍጣፋ አልተኛ ያለ ቁራጭ ካለ እዚያ ላይ ሌላ ስፌት ያስፈልጋል ማለት ነው። አራት ቁራጭ ወጣ። አንድ ሴንቲሜትር የስፌት ትርፍ ጨመሩበት። አግዳሚዎቹ ምልክቶች ሲሰፋ ቁራጮቹን የሚያገናኙ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ስፌቱ እየሸሸ ሄዶ መጨረሻው ላይ አንዱ ወገን ይተርፋችኋል።

ሌዘር ከስፌት መኪናው መርገጫ፣ ጨርቁን ከላይ ከሚጫነው ብረት፣ ሥር ይጣበቃል፣ አይንሸራተትም። አባባ ወረቀት ከላዩ አድርገው ሰፉና ሲጨርሱ ወረቀቱን ቀደው ጣሉት። ክሩ ፖሊስተር ነው። ጥጥ ክር ፀሐይ ላይ ይበሰብሳል። ሌላው፣ ስፌቱን አታጥብቡት። እኔ ጠባብ ስፌት ጠንካራ ይመስለኝ ነበር። "ቴምብር አይተህ አታውቅም? በቀዳዳው በኩል እኮ ነው የሚቀደደው" አሉኝ። ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ አራት ሚሊሜትር ያህል ያዙ።

የለጠፍኩትም እዚያው ሐረር ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ይጠጋል። አየሩ ለማስቲሽ የተሠራ ነው። ከመሐለኛው ስፌት ጀምሬ ወደ ውጭ ሄድኩ። አንድ መዳፍ ቀብቼ፣ አንድ መዳፍ ለጠፍኩ። ጎድጓዳው ላይ በትንሹ በሞቀ አየር አለሰለስኩት። እንዳይበዛ ተጠንቀቁ፤ የሌዘሩ ሸካራ ገጽ ይጠፋና እንደ ላስቲክ ያብለጨልጫል። አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ማልበሱ ግማሽ ቀን ወሰደ። ከዚያ በፊት የነበረው ዝግጅት 11 ቀን ነበር። ደንበኛ "ለአንድ ጨርቅ ይሄ ሁሉ ብር?" ሲላችሁ 11ዱን ቀን ነው ማስከፈል ያለባችሁ።

(እዚህ ላይ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ለምን እውነተኛ ቆዳ አላደረግክበትም? የኛ አገር የበግ ሌጦ በዓለም የታወቀ ነው ይባላል" አለኝ።)

የታወቀ ነው። ግን የታወቀው ለጓንት ነው፣ ስስና ለስላሳ ስለሆነ። ባለቤቱም ይሄንኑ ጠይቆኝ ነበር። ቆዳ ሙቀት ሲያደርቀው ያጥራል። እዚህ እኛ ጋ፣ መስታወት ሥር፣ በዓመት ውስጥ ከጠርዙ ይሸሻል። አዲስ አበባ ቢሆን ምናልባት እስማማ ነበር። ሌጦውን ለመሪው አደረግኩለት። መሪ ላይ እጅ አለ፣ የእጅ ወዝ ያለሰልሰዋል። ደግሞ ሲያልቅ መቀየር ቀላል ነው።

("ነጭ ብናደርገውስ? ወይ ቀይ?" ሌላው ጠየቀ።)

የበሩን ልብስ ቀይ አድርግ፣ ማን ከለከለህ? የዳሽቦርዱ ላይ ግን ጥቁርና የማያብለጨልጭ ይሁን። ነጭ ዳሽቦርድ በቀትር መስታወቱ ላይ ራሱን ያሳይሃል። መንገዱን ልታይ ስትል ዳሽቦርድህን ታያለህ። ደንገጎን በዚያ ዓይነት መኪና አልወርድም።

("የኔ መኪና ኤርባግ አላት" አለ ከኋላ የቆመው። "በተሳፋሪው በኩል።")

እንግዲያው አታልብሰው። ይቺ ፊያት ኤርባግ፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋው ከረጢት፣ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ለዚህ ነው እንዲህ የደፈርኳት። ኤርባግ ያለበት ዳሽቦርድ ሽፋኑ በተወሰነ መስመር ላይ እንዲቀደድ ተለክቶ ነው የሚሠራው። ከላዩ ሌዘር ለጥፈህ በጠንካራ ክር ከሰፋኸው፣ በአደጋ ጊዜ ወይ ይዘገያል፣ ወይ ባልሆነ አቅጣጫ ይፈነዳል። ፋብሪካዎቹ ለዚያ ቦታ የሚሰበር ልዩ ክርና ስፌት አላቸው። እኛ የለንም። እዚያ ላይ ተለጣፊ ጌጥ የምታስቀምጡም አንሱት።

("ሳይሰነጠቅ ቀለሙ ብቻ ለለቀቀውስ?")

ለሱ ማልበስ አያስፈልግም። አጥበህ፣ በአልኮል ጠርገህ፣ የቪኒል ቀለም በስሱ ትረጫለህ። ሦስትና አራት ስስ ዙር። አንድ ወፍራም ዙር ከረጨህ ሸካራው ገጽ ይደፈናል። ስንጥቅ ካለው ግን ቀለም አይደብቀውም።

እንጨቱ ቀረኝ። ቶሎ ልበል፣ ፀሐይዋ እየመጣች ነው።

ጌጆቹ የተተከሉበት ገጽ ኮምፔንሳቶ ነው፣ በላዩ ስስ የእንጨት ልባጥ ያለው። የድሮውን ለማዳን ሞከርኩ። ቫርኒሹን ስፍቅ ልባጡ አብሮ መጣ። ያኔ ሦስተኛው ሰው ጋ ሄድኩ። አናጢ ነው፣ አባቱ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የሠሩ። ታውቃላችሁ፣ ይቺ ከተማ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር ነው የተወለደችው። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ እንጨት የሚልግ እጅ ከዚያ ወርክሾፕ ብዙ ወጥቷል። አናጢው የድሮውን ሰሌዳ አዲስ ኮምፔንሳቶ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውንና የጌጆቹን ክብ ሰመረ። ልባጡን ከዋንዛ አወጣው። ከዚያው ከበሮ ከሚጠረብበት ዋንዛ። ቀለሙ ማር ይመስላል። ጣሊያኖቹ ያደረጉት ሌላ እንጨት ነው። ባለቤቱን ጠየቅኩት። "ድሬ ያደገች መኪና ናት፣ ዋንዛ ይሁን" አለ።

ነጩን የእንጨት ኮላ እዚህ ላይ አትጠቀሙ። ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ ልባጡ ይነሳል። ኢፖክሲ ነው ያደረግነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ከላይ ክብደት ጭነንበት። ከዚያ ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ፖሊዩሪቴን ቫርኒሽ፣ ስድስት ዙር። በየዙሩ መሐል በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ። ሁልጊዜ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ። ቫርኒሹ ጨረር የሚከላከል ዓይነት ይሁን፣ አለበለዚያ ይቢጫል። አቧራው ነው ያስቸገረን። የድሬን ነፋስ ታውቁታላችሁ። አናጢው መሬቱን ውኃ ረጭቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ሸሚዙን አውልቆ ነው የረጨው። ሸሚዝ አቧራ ይዞ ይገባል ይላል። የአፍና አፍንጫ ጭምብሉን ግን አላወለቀም። እናንተም እንዳታወልቁ፣ የዚያ ቫርኒሽ ጢስ ሳንባ ይጨርሳል።

መልሰን ከገጠምናት ዓመት አለፋት። አንድ ግንቦት አሳልፋለች። ባለቤቷ በወሩ ይመጣና ጎድጓዳውን በጣቱ ይደልቃል። ድምፅ የለውም። ደልቆ ይሄዳል። ምንጣፍም ገዝቼለታለሁ፣ ባለ ዘርፏን። ስፖርት መኪና ላይ አላነጥፍም ብሎ ተኮሳትሮ ነበር። ትናንት ሳያት ግን አንጥፎባታል።

በሉ ተነሱና እዩዋት። በተሳፋሪው በኩል አንድ ቦታ ላይ ስፌቱ ጠመም ብሏል። እሱ የአባባ አይደለም፣ ስለጥፍ እኔ ስቤው ነው። ያገኘው ሰው ለባለቤቱ እንዳይነግርብኝ። እጃችሁ ላይ ግሪስ ያለ ደግሞ መጀመሪያ ታጠቡ፣ ሳሙናው ቧንቧው ሥር ነው።